ቤቷ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሠራተኛ በየትኛው ፈቃድ ትቅር?

ግዮን_ማዶ — ሰኞ፣ ጧት 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጣና ዳር ያለ 46 ሠራተኞች ያሉት ሎጅ የሥራ ደንቡን እየከለሰ ነው። አንዲት የሃውስኪፒንግ ሠራተኛ በባሏ ተደብድባ በተከታታይ 4 ቀን ቀርታለች። የቅርብ አለቃዋ ምክንያቱን ሳይጠይቅ በሦስተኛው ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባታል። አሁን ሥራ ገብታለች፤ ግን ፖሊስ ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ ገና ብዙ ያመላልሷታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእንዲህ ያለው ነገር ፈቃድ አለው ወይ? ከሌለው በደንቡ ምን ተብሎ ይጻፍ? የወጣው ማስጠንቀቂያስ ምን ይሁን? «ርኅራኄ ይኑራችሁ» የሚለውን ሰምተናል፤ አንቀጽና አሠራር የምታውቁ ጻፉልኝ።

የሕግ_ነገር — ሰኞ፣ ጧት 4፡02

በስሙ የተጠራ ፈቃድ የለም። አንቀጽ 81 ጋብቻን፣ የዘመድ ሞትን፣ የአባትነት ፈቃድን ይዘረዝራል፤ የቤት ውስጥ ጥቃት የሚል ቃል የለበትም። አዋጁ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት የሚያወራውም ሥራ ቦታ ላይ ስለሚፈጸመው ነው። ይህ ማለት ግን እጇ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከአራት ቦታ መሰብሰብ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ገንዘብ ነውና አትቀላቅለው።

መጀመሪያ የሕመም ፈቃድ፣ አንቀጽ 85 እና 86። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰችና የሐኪም ወረቀት ካላት፣ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ቆጠራው ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ነው። ጉዳቱን ማን አደረሰው የሚለው ለዚህ ፈቃድ ለውጥ አያመጣም፤ የሥራ ላይ ጉዳት ካልሆነ በቃ ሕመም ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ድንጋጤና ጭንቀትም ሐኪም ከጻፈው ሕመም ነው፤ የግድ የተሰበረ ክንድ አይጠበቅም።

ቀጥሎ አንቀጽ 81 ንዑስ 3። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። «ተከታታይ» ነው የሚለው። ሰኞ አንድ ቀን፣ ሐሙስ አንድ ቀን እያሉ መቆራረስ አይቻልም፤ አንድ ቀን ብቻ ብትወስድም ከሁለቱ ዕድሎች አንዱ ተበላ።

ሦስተኛው አንቀጽ 83 ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሠራተኛ ለምስክርነት ሲቀርብ ለዚያው የዋለው ጊዜ ብቻ ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል። ባልየው በወንጀል ሲከሰስ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሷ የግል ተበዳይና የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናት። ስለዚህ ምስክርነት የምትሰጥበት ቀን የሚከፈልበት ነው። የፍቺውን መዝገብ ራሷ ስትከፍት ግን ተከራካሪ እንጂ ምስክር አይደለችም፤ ያ ቀን ከዓመት ፈቃዷ ወይም ካለ ክፍያው ፈቃድ ይወጣል። ያው ፍርድ ቤት፣ ያው በር፣ ሁለት ዓይነት ቀን።

የመጨረሻው የዓመት ፈቃድ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እሱን መጀመሪያ አስነክቶ ማስጨረስ የተለመደ ስሕተት ነው። የሐኪም ወረቀት ያላትን ሴት «ዓመት ፈቃድሽ አለ አይደል» ብሎ ማሰናበት የሚከፈልበት መብቷን መንጠቅ ነው።

የሕግ_ነገር — ሰኞ፣ ጧት 4፡15

ማስጠንቀቂያውን ረሳሁት፤ አስቸኳዩ ደግሞ እሱ ነው። አንቀጽ 27 በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረን ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ማሰናበት ይፈቅዳል። እሷ 4 ላይ ናት። አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ከዋለች አለቃዋ ቆጥሮ «ሞላ» ሊል ይችላል። ይሁንና ያው ንዑስ አንቀጽ መቅረቱ በአዋጁ ከተደነገጉት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ 4ቱን ቀናት ዛሬውኑ በፈቃድ ሸፍኗቸው። ተሰናብታ ከሆነና ወደ ሥራ ልመለስ የምትል ከሆነ ክሱ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል፤ ሽማግሌ ሲመላለስ 3 ወር ቅርብ ነው።

ቆራጥ — ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን በር ከከፈታችሁት ሁሉም በእሱ ነው የሚገባው። ከባሏ የተኮራረፈች ሁሉ ፈቃድ ልትወስድ ነው? አሠሪው የሰው ትዳር ውስጥ ምን አስገባው?

ደመወዝ_ክፍል — ሰኞ፣ ቀን 7፡05

@ቆራጥ ወንድሜ፣ በቁጥር እንነጋገር። የወር ደመወዝ 5,200 ብር እንበል። በተለመደው በ26 ሲካፈል የቀኑ 200 ብር ነው። ሎጁ በዓመት 10 የሚከፈልበት ቀን ቢሰጥና ሁለት ሠራተኞች ሙሉውን ቢወስዱ 20 ቀን፣ 4,000 ብር። አንዲት የለመደች ሠራተኛ ሥራ ጥላ ስትሄድ አዲሷን እስክታስተምር የምታባክነው አንሶላና የእንግዳ ቅሬታ ከዚህ ያልፋል። ፈቃድ ስለተጻፈ ደግሞ ሰው አይጎርፍም፤ ይህ ጉዳይ ማንም በኩራት ቢሮ ገብቶ የሚናገረው አይደለም። የሚያስቸግረው ሰው መብዛቱ ሳይሆን አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

በዚያ ስሌት የዚችን ሴት 4 ቀን ካለ ክፍያ ካደረጋችሁት 800 ብር ይቆረጥባታል። በሕመም ከሆነ ምንም አይቆረጥም። ባል ደመወዟን በሚቆጣጠርበት ቤት የ800 ብር ጉድለት ራሱ ሌላ ጠብ ነው፤ «የት ዋልሽ፣ ምን አደረግሽው» ይመጣል።

ሌላው ፔሮሉ ነው። በብዙ ቤት የደመወዝ መክፈያው አንድ ረጅም ወረቀት ነው፤ ሠራተኛው እየተሰለፈ በስሙ አንጻር ይፈርማል። «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ላይ የተጻፈችውን ከእሷ በታች ያሉት ሁሉ ያነቧታል። እዚያ ላይ የፈቃዱ ምክንያት አይጻፍ፤ ባዶ ይሁን፣ ወይ «ፈቃድ» ብቻ ይባል። ደመወዝ በባንክ ከሆነ ደግሞ ሒሳብ ቁጥር መቀየር ትፈልግ እንደሆነ በግል ጠይቋት፤ ካርዱ ባልየው ኪስ፣ የሞባይል ባንኩም በእሱ ስልክ ሊሆን ይችላል። አዋጁ ደመወዝ ለሠራተኛው ራሱ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ይከፈላል ነው የሚለው። «ባሏ ነኝ» ውክልና አይደለም። የሒሳብ ለውጡ ማመልከቻ ፔሮል ከመዘጋቱ በፊት ይድረስ፤ ካለፈ የዚያ ወር ብር ወደ ድሮው ይገባል።

ነጭ_ጋወን — ሰኞ፣ ማታ 1፡40

የሐኪም ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚፈጠር መደናገር አለ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ትሂድ ጥበበ ግዮን፣ ከአንድ ምርመራ ሁለት የተለያየ ወረቀት ነው የሚወጣው።

አንደኛው ለፖሊስ የሚሄደው የሕክምና ማስረጃ ነው። ፖሊስ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሆስፒታሉ ሞልቶ ለፖሊስ ይመልሳል። እሷ እጅ አይገባም፤ ለአሠሪም አይደለም። ሁለተኛው የሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው። ይህኛው ካልተጠየቀ አይጻፍም! የተጎዳ ሰው ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ሥራው አያስብምና ሳይጠይቅ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ «ያለፈውን ጻፉልኝ» ሲባል ሐኪሙ የሚያየው ካርዱን ብቻ ነው፤ ካርዱ ላይ የዕረፍት ቀን ካልሰፈረ ወደ ኋላ መጻፍ ይከብደዋል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ከምርመራ ክፍሉ ሳትወጣ «ሠራተኛ ነኝ፣ የዕረፍት ወረቀት ይጻፍልኝ» ትበል። ማኅተሙን አይታ ትውጣ፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት መልሶ ያመላልሳል። ለመሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ከነገረችው ሐኪሙ ሁኔታውን ጠቅለል አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ከመቼ እስከ መቼ መሥራት እንደማትችል ነው፤ በምን እንደተመታች አይደለም።

በሌላ በኩል ለፖሊሱ ማስረጃ ቶሎ መታየት ወሳኝ ነው። ሰንበር በቀናት ውስጥ ቀለሙ እየተለወጠ ይጠፋል። «እስኪሻለኝ ልቆይ» ያለች ሴት ማስረጃዋን ነው ያስታመመችው።

ግዮን_ማዶ — ሰኞ፣ ማታ 2፡20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሕመም ወረቀቷ ለ2 ቀን ብቻ ነው የተጻፈው። የቀሩት 2 ቀናትስ? ማስጠንቀቂያውንስ ቀድጄ ልጣለው?

የሕግ_ነገር — ሰኞ፣ ማታ 3፡00

እንዳትቀድ። ወጪ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ነው፤ ቅጂው መዝገብ ቤት አለ። ዋናው ጠፍቶ ቅጂው ሲገኝ ለእሷ ይብስባታል። የሚሻለው ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ነው፦ «በቁጥር ይህን ያህል በቀን ይህን ያህል የተሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ቀናቱ በፈቃድ የተሸፈኑ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ተሽሯል።» ግልባጩ ከማስጠንቀቂያው ጋር ይያያዝ። ስለ ባሏ አንድም ቃል አያስፈልግም።

ቀናቱን 2 በሕመም፣ 2 በአንቀጽ 81(3)። አዎ፣ ፈቃድ በቅድሚያ ይጠየቃል ይላል አንቀጽ 84፤ ሕመምንም በማግሥቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ማሳወቅ ካልተቻለ ግን ሕጉ ራሱ ቦታ ትቷል። ስልኳ ተነጥቆ ወይም ተሰብሮ ከነበረ ይህንኑ በአንድ መስመር ትጻፍ። እናንተም ማመልከቻውን ዘግይቶ የመጣ ብላችሁ ተቀበሉት። አሠሪ ከሕጉ አስበልጦ መስጠት ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

ስለ በጀት ዓመቱ አንድ ነገር፦ የድርጅታችሁ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ በሰኔ መጨረሻ ሁለቱን ዕድል የጨረሰች ሴት በሐምሌ አዲስ ሁለት አላት። ይህን የምጽፈው የሰው ኃይሉ ሰው ረስቶት «ጨርሰሻል» እንዳይላት ነው።

ፈረቃ_ሁለት — ማክሰኞ፣ ጧት 2፡45

ሁላችሁም ወረቀት ላይ ናችሁ። ሴትየዋ ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ባልየው የት እንደሚያገኛት ያውቃል፤ ሥራ ቦታዋን ነዋ። የፈረቃ ሰሌዳው የኩሽናው በር ላይ ተለጥፏል፣ ፎቶውም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተልኳል። ግሩፑ ውስጥ የባልየው አክስት ልጅ አለ። ባሕር ዳር እኮ ናት፤ ማኅበር የማይጠጣ፣ ሠፈር የማይጋራ የለም።

ስለዚህ ፦ የእሷ ፈረቃ ሰሌዳው ላይ አይውጣ፣ ለብቻዋ በቃል ይነገራት። መግቢያና መውጫ ሰዓቷ በየሳምንቱ ይለዋወጥ። ከዜጌ በጀልባ የምትመላለስ ከሆነ መውረጃዋ አንድ ወደብ፣ ሰዓቷም የጀልባው ሰዓት ነው፤ ፈረቃ መቀየር ብቻውን አይረዳትም፣ የሚሸኛት ሰው ወይም የሠራተኛ ማደሪያ ያስፈልጋል። ዘበኛው «የለችም» ብቻ ይበል። «ዛሬ አልገባችም» ካለ ነገ ትገባለች ማለት ነው። ሪሴፕሽንም ስልክ ሲደወል «ላቅርባት» አይበል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሥራ አስኪያጁ ባልየውን ጠርቶ «ኑ፣ ላስታርቃችሁ» ሲል ነው። በቅን ልብ ነው የሚደረገው፣ አውቃለሁ። ባልየው ግን ከዚያ ወጥቶ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ነግራብኛለች። ሽምግልና እሷ ከፈለገች የራሷ ወገኖች አሏት፤ አሠሪ ይህ ሥራው አይደለም።

ቆራጥ — ማክሰኞ፣ ጧት 3፡15

እሺ፣ ይህኛው ገብቶኛል። ባልየው እዚያው ድርጅት የሚሠራ ከሆነስ? ሁለቱም ሠራተኞቼ ናቸው፤ ለአንዷ ላዳላ?

የሕግ_ነገር — ማክሰኞ፣ ጧት 3፡50

ማዳላት አይደለም። ቤት የሆነውን አንተ አትዳኝም፤ ግቢህ ውስጥ የሚሆነው ግን ያንተ ነው። አሠሪ የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት ደግሞ እንደ ክብደቱ አንቀጽ 27 ላይ ያለ የስንብት ምክንያት ነው። መጀመሪያ ለያያቸው፤ የሚዘዋወረው ግን እሱ ይሁን። ልማዱ ሴቲቱን «ለደኅንነትሽ» ብሎ ጉርሻ ወደማይገኝበት ልብስ ማጠቢያ መላክ ነው፤ ያ በእሷ ላይ ቅጣት ነው። ለማጣራት ከሥራ ማገድ የሚቻለው በኅብረት ስምምነት (አሠሪውና ሠራተኛ ማኅበሩ በሚፈራረሙት) ምክንያቱ ከተወሰነ ነው፤ ከ30 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ስንብትን ከመረጥክ ምክንያቱን ካወቅህበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰንክ ጊዜው ያልፍብሃል።

ሙከራ_ላይ — ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00

በሙከራ ጊዜ ያለችውስ? ወቅቱ ሲመጣ ሎጆቹ ብዙ አዲስ ሰው ነው የሚቀጥሩት።

የሕግ_ነገር — ማክሰኞ፣ ቀን 8፡25

እሷ ናት የተጋለጠችው፣ እህቴ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ የሕመም ፈቃድ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድ ደግሞ ዓመት ሲሞላ። በእጇ የሚቀረው 81(3) እና የምስክርነቱ ቀን ነው፤ በሙከራ ላይ ደግሞ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጣት ልትሰናበት ትችላለች። ለዚህ ነው ደንቡ «ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ» የሚል ቃል የሚያስፈልገው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች በሌላ አዋጅ ስለምትተዳደር ይህ ሁሉ ቁጥር ለእሷ አይሠራም።

ከሜልቦርን — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ለንጽጽር ያህል፦ አውስትራሊያ ውስጥ ከፌብሩዋሪ 1፣ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (ከ15 በታች ሠራተኛ ላላቸው ከኦገስት 1) በዓመት 10 የሚከፈልባቸው ቀናት በሕግ አሉ። ግማሽ ቀን ለሚሠራም፣ አልፎ አልፎ ለሚጠራ ጊዜያዊ ሠራተኛም እኩል ነው። ቀናቱ ሥራ እንደተጀመረ ሙሉ በሙሉ ይገኛሉ፣ እየተጠራቀሙ የሚመጡ አይደሉም፤ ያልተወሰደው ግን ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። @ደመወዝ_ክፍል ያነሣው የፔሮል ጉዳይ እዚያ ሕግ ነው፦ በደመወዝ ደረሰኙ ላይ ይህን ፈቃድ መጥቀስ ክልክል ነው፤ ደረሰኙን መጀመሪያ የሚከፍተው ባልየው ሊሆን ይችላላ። ኒውዚላንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ቀን አላት። ፊሊፒንስ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ በ2004 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ሰጥታለች፤ ስለዚህ «የሀብታም አገር ነገር ነው» አትበሉ። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 206 ፈቃድን፣ የሥራ ሰዓት ማመቻቸትን፣ ለጊዜው ከስንብት መጠበቅን በስማቸው ጠርቷቸዋል።

ማኅበር_ጸሐፊ — ረቡዕ፣ ጧት 3፡00

እንግዲህ ወደ ደንቡ። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነት ቢገባ ይሻላል፤ የሥራ ደንቡን አሠሪው ብቻውን ነው የሚለውጠው። ከአዋጁ የተሻለ መስጠት ይቻላል፣ ያነሰ አይቻልም። ረቂቅ ልጣል፣ አሻሽሉት፦

«በትዳር ጓደኛው፣ አብሮት በሚኖር ሰው ወይም በቤተሰቡ አባል የአካል፣ የሥነ ልቦና ወይም የገንዘብ ጥቃት የደረሰበት ሠራተኛ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ በበጀት ዓመት እስከ 10 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ በተከታታይ፣ በተናጠል ወይም በግማሽ ቀን ሊወሰድ ይችላል። ከዓመትና ከሕመም ፈቃድ አይቀነስም። ሠራተኛው በቅጹ ላይ ‹ልዩ ፈቃድ› ከማለት በቀር ምክንያት እንዲጽፍ አይጠየቅም።»

ግማሽ ቀን የሚለውን እንዳታወጡት። የፍርድ ቤት ቀጠሮ አንዳንዴ ለሌላ ቀን ለመቀጠር ብቻ ነው፤ 3 ሰዓት ገብታ 5 ሰዓት ልትወጣ ትችላለች። ማስረጃም ከአንድ ዓይነት በላይ ፍቀዱ፦ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ከሬጅስትራር (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) የሚሰጥ «ቀርባ ነበር» የሚል ወረቀት፣ ወይም ጉዳዩን ከያዘ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚጻፍ ደብዳቤ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ማዘጋጀቱንም እዚያ ይረዷታል። የፖሊስ ወረቀትን ብቸኛ ማስረጃ ካደረጋችሁት ባሏን ያልከሰሰች ሁሉ ፈቃድ የላትም ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ በመጀመሪያው ወር አይከሱም።

ደመወዝ_ክፍል — ረቡዕ፣ ጧት 3፡40

ጥሩ ረቂቅ ነው። አንድ ጭማሪ፦ «ማስረጃውን የሚያየው አንድ የተሰየመ ሰው ብቻ ነው፤ አይቶ ይመልሳል፣ ቅጂ አይያዝም።» የግል ማህደር ብዙ እጅ ይነካዋል።

ግዮን_ማዶ — ረቡዕ፣ ቀን 9፡15

ማስጠንቀቂያው በደብዳቤ ተሽሯል፣ 2ና 2 ተደርጎ ተሸፍኗል፣ ሰሌዳውም ከኩሽናው በር ወርዷል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የተሰየመው ሰው ማን ይሁን? የሰው ኃይል ኃላፊው የባልየው የክርስትና አባት ነው።

ፈረቃ_ሁለት — ረቡዕ፣ ቀን 9፡20

ሁለት ሰው ሰይሙ፣ አንዷ ሴት ትሁን፤ ለየትኛው እንደምትነግር ራሷ ትምረጥ። ኃላፊው ደግሞ በዚህ ጉዳይ እንደማይገባ አሁኑኑ በጽሑፍ ይነገረው፣ ነገ «ለምን አልሰማሁም» እንዳይል።